የእግዜር እንግዳ ሒሳብ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከጋሸና ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር መንገድ የመኪና ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከጋይንት፣ ከደላንታ፣ አልፎም ከጎጃምና ከሸዋ የተነሣው ተሳላሚ ዳር ዳሩን ይዞ ይጓዛል። አብዛኛው ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ነው የሚመጣው፤ ብቻውን የወጣም ግን አይጠፋም። ስለት ያለበት ሽማግሌ፣ የታመመ ልጇ የዳነላት እናት፣ ከቤተሰቡ ተሰውሮ የጠፋ ጎረምሳ ይኖራል። ከእነዚህ ያንዱ ከረጢት ቢፈታ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቁራጭ ጨርቅ የተቋጠረ በርበሬና ጨው፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ጧፍ ይወጣዋል። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነውና ቅቤ የገባበት ጭኮ አይያዝም። የቀረው ንብረት ጋቢ፣ ዱላና የውኃ ጀሪካን ነው። መኝታው የመሸበት ደጅ ነው። የልደት ዋዜማ ከተማዋ ሲደርስ የላሊበላ ወጣቶች ውኃ በሳፋ ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቁታል፤ አቧራ የጠጣ እግሩን ዝቅ ብለው ያጥቡለታል። ታኅሣሥ 29 ጠዋት፣ ልደተ ክርስቶስና የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ሲከበር፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ ከማሜ ጋራና ከታች ከግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ይኼው ሰው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ በመጣበት እግሩ ይመለሳል። ከቤቱ ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ ከኪሱ የወጣው ገንዘብ ለአንድ ሌሊት የሆቴል አልጋ አይበቃም።

ይህን ርካሽ ጉዞ ብሎ ማለፍ ይቀላል። በዓለም ላይ በትንሽ ገንዘብ ብቻውን ረጅም አገር ያቋረጠ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንዲሁ ነው፤ ተጓዡ ደፋር ነበር፣ ቆጣቢ ነበር፣ ጥቂት በልቶ ብዙ አየ ይባላል። እኔ ግን የላሊበላ አገር የሆነችውን የላስታን መንገድ የተጓዙትን፣ ባዕዱንም ያገሬውንም፣ ሳነጻጽር የማገኘው ሌላ ነው። ርካሽ ጉዞ የሚባል ነገር የለም። ተጓዡ ያልከፈለውን ሌላ ሰው ከፍሎታል። እንጨቱን ለቅማ፣ ውኃውን ቀድታ፣ ሊጡን አቡክታ፣ መደቡን ለቃ የከፈለችው ብዙውን ጊዜ ስሟ በማንም ማስታወሻ ላይ ያልሰፈረ ሴት ናት። ስለዚህ ስለ አንድ ብቸኛ መንገደኛ ሲወራ መጠየቅ ያለበት ስንት ብር ይዞ እንደ ወጣ ሳይሆን፣ ያስተናገደው ሥርዓት በምን ይቆም እንደ ነበርና ዕዳው እንዴት ይመለስ እንደ ነበር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የቆሎ ተማሪው ነው። ከላስታ በስተ ደቡብ ያለችው ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ የሚነሣ የቅኔ አገር ናት። ድጓ የፈለገ ጋይንት ወርዶ ቤተልሔም ይገባል፤ አቋቋም የፈለገ ጎንደር ይሻገራል። አንድ የላስታ ልጅ ንባቡን ባጥቢያው ጨርሶ፣ ዜማን ካንዱ፣ ቅኔን ከሌላው፣ መጻሕፍትን ከሦስተኛው መምህር ለመማር ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት አገር ላገር ሲዞር ይኖራል፤ ያውም ያለ ሳንቲም። የበግ ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከማያውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከቤት ቁራሽ ይወጣል። ያ ቁራሽ ደርቆ ኮቾሮ ይሆናል፤ ኮቾሮው በውኃ ርሶ እራት ይሆናል። ዱላውም ያለ ነገር አልተያዘም፤ የመንደር ውሻ በእንግዳ ተቀባይነቱ ውል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እንዲህ አድርጎ ከሀገሪቱ ጫፍ ጫፍ የተጓዘው ተማሪ ብዛት ከየትኛውም ዘመን አገር ጎብኚ ይበልጣል ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ጉዞውን ግን ማንም የጀብዱ ታሪክ አድርጎ አልጻፈውም። የተለመደ ነበራ! የተለመደ እንዲሆን ያደረገው ደግሞ የመመላለስ ሥርዓት ነው። ላስታ ላይ ለጎጃሙ ተማሪ ቁራሽ የምትሰጥ እናት የእሷ ልጅ በዚያው ሰዓት ጎጃም ውስጥ ካንዲት ሴት ደጅ ቆሞ እንደሚሆን ታውቃለች። ሁሉም እየጣለ፣ መቼና የት እንደሚደርሰው የማያውቅበት ዕቁብ ነው። ሰጪና ተቀባይ ዳግመኛ አይተያዩም፤ ሒሳቡ ግን በትውልድ ውስጥ ይዘጋል። መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለውን ነጋዴ፣ ከዘመድ ልቅሶ የሚመለሰውን ገበሬ፣ ኢየሩሳሌም ደርሼ እመጣለሁ ብሎ በሱዳንና በግብፅ በኩል ያቀናውን መነኩሴ ሁሉ የተሸከመው ይኸው ነው።

አሁን የባዕዱን ጉዞ ከዚህ ጎን እናቁመው። አየርላንዳዊቷ ዴርቭላ መርፊ ከአገሯ እስከ ሕንድ በብስክሌት ሄዳ በጻፈችው መጽሐፍ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1966፣ በእኛ በ1959 ዓ.ም.፣ የ35 ዓመት ሴት ሆና ምጽዋ ወረደች። መቀሌ ላይ በልዕልት አይዳ ደስታ ርዳታ በቅሎ ገዛች፤ ስሙን ጆክ አለችው። በአክሱም፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደር፣ በጣና ዳርቻ አድርጋ ወደ ላሊበላ ወጣች፤ ከዚያም አዲስ አበባ ገባች። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የታተመው መጽሐፏ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ እሷ በ2022 አርፋለች። ድንኳን ተሸካሚ፣ ወጥ ሠሪ፣ አስተርጓሚ አልነበራትም። በጎጆ ውስጥ ከቤተሰቡ፣ ከጥጃውና ከቁንጫው ጋር አደረች፤ የቀረበላትን እንጀራ በላች፣ ጠላውን ጠጣች። በመንገድ ላይ ተዘርፋለች፤ ቢሆንም አልተመለሰችም። ጉብዝናዋን አልክድም። ነገር ግን መጽሐፏን የላስታ ሰው ሆኖ ያነበበው እንደሆነ ከጀብዱው ሥር ሌላ መዝገብ ይገለጥለታል። ከተማና ሆቴል በሌለበት አገር በመሸ ቁጥር የማን ደጅ ተከፈተ? በምን እህል? በቅሎው የበላው ገለባ ከማን በሬ ፊት የተነሣ ነው? «ብቻዋን ተጓዘች» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው አብሯት የተነሣ ሰው አልነበረም ለማለት ያህል ብቻ ነው። አብዛኛውን ሌሊት ተሸክሞ ያሳለፋት የቆሎ ተማሪውን የተሸከመው ሥርዓት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የጎጃሙ ተማሪ እናት ለላስታው ልጅ ትመልሳለች፤ ከአየርላንድ የመጣ እንግዳ ግን ከሚመላለሰው ክበብ ውጭ ነው። ዕጣው ወጥቶለት ይሄዳል እንጂ አይጥልም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ያ እንግዳ ተቀባይነት ስንቱ ከልብ ነበር? ስንቱስ በግድ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለባዕድ መንገደኛ ሲቀርብ የኖረው ምግብ ሁልጊዜ የገበሬው ፈቃድ አልነበረምና። የንጉሥ እንግዳ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር፤ በደረሰበት ሁሉ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ለበቅሎው ገብሱ ከባላገሩ ይወጣል። ላሊበላን ለአውሮፓ አንባቢ ያስተዋወቀው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ቆይቷል፤ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ሲገልጽ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መማል የደረሰ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። በዚያው መጽሐፍ አብረውት የመጡትን የፖርቱጋል መልእክተኞች ይመራ የነበረው መነኩሴ ስንቅና ተሸካሚ ከመንደሩ በግድ ሲያወጣ፣ ሹሞችን ሲያስገርፍ፣ ላስታን በሚያዋስነው በአንጎት ደግሞ ሕዝቡ በድንጋይ ሲያሳድዳቸው እናነባለን። ድንጋዩ እንደ እንጀራው ሁሉ ሊታሰብ የሚገባው መልስ ነው። ይህ ግን ነጥቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ባላገሩ ሁለቱን ለይቶ ያውቅ ነበር። ያለ ጠመንጃና ያለ ማኅተም «አሳድሩኝ» ያለውን ያሳድራል፤ በትእዛዝ የመጣውን ግን ከቻለ ይሸሸዋል፣ ካልቻለ ይገብርለታል፣ ከመረረው በድንጋይ ያባርረዋል። መርፊን ባለ ሥልጣናት በየደረሰችበት በአጃቢ ሊያስይዟት ሲሞክሩ መቃወሟ ለራሷ ነጻነት ነበር፤ ሳታውቀው ለአስተናጋጆቿም ጠቅሟል፤ ከጀርባዋ የታጠቀ ሰው ሳይኖር የመጣች እንግዳ ልመና እንጂ ግብር አይደለችምና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ድህነትን ማስዋብ ነው የሚል። መርፊ በመጣችበት ዓመት ወሎ ከረሃብ አልወጣም ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ያሉትን የረሃብ ዓመታት ባጠኑበት ሥራቸው የ1966ቱን (እ.ኤ.አ.) የወሎ ረሃብ ከሰነድ ጋር አስቀምጠውታል፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አገሩን ሁሉ ያናወጠው፣ ዙፋኑንም የገለበጠው መጣ። የላስታ ገበሬ በተዳፋት ላይ፣ በተንጠፈጠፈ አፈር፣ በበልግና በክረምት መካከል እየተጠራጠረ የሚያመርት ሰው ነው። ይህ ሰው ለእንግዳ ያቀረበው እንጀራ ከትርፍ የተነሣ አይደለም። እንግዲያ «ድሆቹ እንዴት ቸሮች ናቸው» እያሉ መጻፍ ከቸርነቱ በላይ ድህነቱን ማድነቅ ይሆናል። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ ተነሥቶ ሥርዓቱ የዋህነት ወይም ኋላ ቀርነት ነበር የሚለውን ድምዳሜ ነው። የመንግሥት እጅ በማይደርስበት፣ መንገድ በሌለበት፣ ዝናብ ባንዱ ቀበሌ ጥሎ ሌላውን በሚዘልበት አገር ላይ ሰውን ማሳደርና ማብላት ከክፉ ቀን መድኅን ነው። ዛሬ እንግዳ ያሳደረ፣ በክፉው ዓመት ልጆቹን ይዞ ሲሰደድ የሚያሳድረው ያገኛል። ጉድለቱን መናገርም ይገባል፤ ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ ነው» እየተባሉ ከማዕድ ይርቁ ነበር። ክርስቲያንና እስላም በአንድ ቤት አብረው ሲያድሩ ሥጋ ላይ ይለያዩ ነበር፤ እርግጥ ሽሮው ያገናኛቸዋል። ነጭ ቆዳ ያላት ሴት ያለ ጥያቄ የገባችበት ደጅ ለአገሩ አንጥረኛ ሁልጊዜ እንደማይከፈት ማንም የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል።

ይህ አድልዎ ደግሞ የላስታ ብቻ አይደለም። በዚያው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ለብቸኛ ተጓዥ የርካሽ ጉዞ ገነት ተብላ ትወራ ነበር። ግሬይሃውንድ የተባለው የአውቶቡስ ድርጅት ከውጭ አገር ለሚመጣ እንግዳ በ99 ዶላር 99 ቀን አገሩን ሙሉ የሚያዞር ቲኬት ሸጧል። ቲኬቱ ርካሽ ነበር፤ የሚጠቅመው ግን ከአውቶቡስ ወርዶ የሚበላበትና የሚያድርበት ላገኘ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ተጓዥ ቤንዚን የሚሸጥለትን፣ አልጋ የሚያከራየውን ቤት ስም የያዘ «ግሪን ቡክ» የሚባል መጽሐፍ ከ1936 ጀምሮ ለ30 ዓመታት ያህል ይዞ ለመጓዝ ተገዷል። በ1961 የቻድ አምባሳደር ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ሜሪላንድ ውስጥ ሩት 40 በሚባለው ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት ተመልሰዋል፤ ነገሩ ፕሬዝዳንት ኬኔዲን ያስጨነቀ የዲፕሎማሲ ችግር ሆነ። ሰፊ አስፋልትና ሙሉ ኪስ እያለ የሚያስገባ ሰው ካልተገኘ ጉዞ እዚያው ያበቃል። የላስታ ገበሬ አስፋልት አልነበረውም።

ወደ ላሊበላ እንመለስ። ከተማዋ በገንዘብ የሚሄድ እንግዳ ማስተናገድ የጀመረችው በዚያው መርፊ በመጣችበት ዘመን ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ አብያተ ክርስቲያናቱን ለማደስ የተነሣው፣ ሰባት ወይራን የመሰለ ሆቴል የታየው፣ አውሮፕላን ሜዳ ላይ እያረፈ እንግዳ ማውረድ የጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1978 ዩኔስኮ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መዘገባቸው። ከዚያ ወዲህ አስጎብኚው፣ ባለ ሆቴሉ፣ የጫማ ጠባቂው፣ የመስቀልና የሥዕል ሻጩ ኑሮ ከበረራ ሰዓት ጋር ተሳሰረ። ለውጭ አገር ጎብኚ የመግቢያ ዋጋው በ2013 (እ.ኤ.አ.) 50 ዶላር ደረሰ፤ ለተሳላሚው ግን ነጻ ነው። ይህን ማማረር ቂልነት ነው። የሚከፍል እንግዳ ዕዳውን እዚያው ከፍሎ ይሄዳል፤ ከክበቡ ውጭ የሆነን ሰው ሒሳብ ለመዝጋት ከገንዘብ የቀለለ መንገድ እስካሁን አልተገኘም። ጉዳቱ ሌላ ጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በረራውን አቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ በወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ሌላ ግጭት አውሮፕላን ማረፊያውን ዘጋው። በየጊዜው በዶላር ላይ የቆመው ኑሮ ሁሉ ባንድ ቀን ወደቀ፤ አልጋ ያለው ሆቴል ሠራተኛውን አሰናበተ፣ አስጎብኚው ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.)፣ ከተማዋ ከጦርነቱ ወጥታ ሳትሰነብት፣ የገና በዓል ሲደርስ ግን ተሳላሚው መጣ። ከረጢቱን አንጠልጥሎ መጣ። ገበያው ላይ ያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ጧፍና ዕጣን ይገዛል፣ ለሙዳየ ምጽዋት ይጥላል፣ በመመለሻው ሻይና ዳቦ ይቀምሳል። የቱሪዝም ዕቅድ ሲወጣ ተደጋግሞ የሚቆጠረው በአውሮፕላን የወረደው ነው፤ ሰላምና ጦርነት ሳይል የሚመጣው ግን በእግሩ የመጣው ነው።

የሚከፍለውን እንግዳና የመንደሩን እንግዳ ተቀባይነት ለማገናኘት የተሞከረ ነገር የለም አይባልም። በመቄት ወረዳ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ተስፋ» በሚል ስም የተጀመረው የመንደር ቱሪዝም ሥራ በኔ ግምት በአካባቢው ከተሞከረው ሁሉ አስተዋዩ ነው። እንደ መቋት ማርያምና ዋጀላ ባሉ የገደል አፋፎች ላይ ማኅበረሰቡ በአገሩ አሠራር ጎጆዎች ሠራ። እንግዳው ቀድሞ ከፍሎ ይመጣል፤ ዕቃው በአህያ ተጭኖ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ የመንደሩ ሰዎች ምግቡን ያበስላሉ፤ ከገቢው የመንደሩ የጋራ ገንዘብ ድርሻ ያገኛል። መርፊ በ1959 ዓ.ም. በነጻ ያገኘችው መኝታ፣ ራትና መሪ እዚህ ዋጋ ተቆርጦለታል ማለት ነው። «እንግዳ ተቀባይነት ተሸጠ» የሚል ወቀሳ ሲሰነዘር እሰማለሁ፤ አልስማማም። ከማይመልስ ሰው መቀበል የጀመሩት ለሚመልሰው የሚሰጡትን አላቋረጡም፤ በገና ሰሞን የሚያልፈው ተሳላሚ እዚያው አፋፍ ሥር ካሉ ቤቶች ያድራል፣ ማንም ደረሰኝ አይጠይቀውም።

የሚቀረው የላሊበላ ከተማ ጉዳይ ነው። በበዓሉ ሰሞን ከከተማዋ ነዋሪ ብዙ እጥፍ የሚሆን ሕዝብ ይሰፍርባታል። ሳፋ የሚሞላው ውኃ በእናቶች ጀርባ የተቀዳ ነው፤ ጓሮው መጸዳጃ፣ የደጃፉ ሣር ፍራሽ፣ የወሩ ማገዶ በሦስት ቀን አመድ ይሆናል። ወጪው ሁሉ በቤተሰብና በቤተ ክርስቲያን ጫንቃ ላይ ያርፋል። በቦቴ ለሚቀርብ ውኃ፣ ለጊዜያዊ መጸዳጃና ለሕክምና ጣቢያ ከጎብኚው የመግቢያ ክፍያ ላይ የተወሰነ ድርሻ በቋሚነት ይቆረጥ ቢባል፣ ካህናቱ ከቲኬቱ ነው የምንተዳደረው፣ በረራ ሲቆም እኛም ጾማችንን እናድራለን ብለው ሊቃወሙ ይችላሉ፤ መቃወማቸውም ከእውነት የራቀ አይሆንም። ስለዚህ ድርሻው ከደብሩ ብቻ ሳይሆን ከሆቴሉ አልጋ፣ ከአየር መንገዱ ቲኬትና ከክልሉ በጀትም መውጣት ይኖርበታል። ከእነዚህ መካከል በታኅሣሥ በእግሩ ከሚመጣው ሕዝብ ስም ያልተጠቀመ የለም፤ የከተማዋን ስም በዓለም ፊት የሚያስጠራው የበዓሉ ፎቶግራፍ የዚያው ሕዝብ ፎቶግራፍ ነውና።